በሶላቶው ኪስ የተጓዘች አዲስ አበባ

ስድስት ሳንቲ ሜትር በዘጠኝ ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ ዙሪያው በነጭ ጠርዝ የተከበበ ፎቶግራፍ ከመዳፍ አይበልጥም። በደረት ኪስ ውስጥ ከመታወቂያ ደብተርና ከእናት ደብዳቤ ጋር ሊቀመጥ ይችላል። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባን ይዞ የቆየው የፋሺስት ኢጣልያ ሠራዊት ወታደሮች እንዲህ ያሉ ፎቶግራፎችን አንሥተው፣ ለቤተ ሰብ ልከው፣ በአልበም ለጥፈው ወደ አገራቸው ወስደዋል። ሰዎቹ የፎቶግራፍ ባለሙያዎች አልነበሩም፤ አናጢ፣ ገበሬ፣ ጸሐፊ፣ መካኒክ የነበሩ ናቸው። ያነሡትም ለጋዜጣ ወይም ለኤግዚቢሽን ሳይሆን «እኔም እዚያ ነበርሁ» ለማለት ነው። ሆኖም ከተማይቱ በዚያ ዘመን ምን ትመስል እንደ ነበር ዛሬ ለማወቅ የሚሻ ሰው፣ ወደደም ጠላም፣ በአብዛኛው በነዚህ ሰዎች ዓይን ለማየት ይገደዳል። የነገሩ መራራነት የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው።

የፋሺስቱ መንግሥት የራሱ የምስል ፋብሪካ እንደ ነበረው ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ1924 የተቋቋመው ኢስቲቱቶ ሉቼ፣ ወረራው በተጀመረበት በ1935 ለምሥራቅ አፍሪካ ልዩ የፎቶግራፍና የፊልም ክፍል አዘጋጅቶ ሠራተኞቹን ከሠራዊቱ ጋር አዝምቷል። ከዚህ ክፍል የሚወጣው ምስል የተመረጠና በሳንሱር የተጣራ ነው። መንገድ ሲቀየስ፣ ድልድይ ሲዘረጋ፣ ሐኪም የአገሬውን ሕፃን ሲመረምር፣ ሹማምንት ለጥ ብለው እጅ ሲነሡ ይታያል። መርዝ ጋዝ የለም፤ የተቃጠለ መንደር የለም። የኢጣልያ መንግሥት በኢትዮጵያ ላይ መርዝ ጋዝ መጣሉን በመከላከያ ሚኒስትሩ አማካይነት በይፋ ያመነው እ.ኤ.አ. በ1996 መሆኑን ያስታወሰ፣ የዚያ ፋብሪካ ሥራ ምን ያህል የተዋጣ እንደ ነበር ይረዳል።

ተራው ሶላቶ ግን እንዲህ ያለ ትምህርት አልነበረውም። በዚያ ዘመን ካሜራ የባለጸጋ ዕቃ ብቻ መሆኑ ቀርቶ ነበር። ታጥፎ በኪስ የሚገባው፣ ሲከፈት እንደ ወናፍ የሚዘረጋው ካሜራ በአንድ ጥቅል ፊልም ላይ ስምንት ምስል ያነሣል። ገንዘብ የተረፈው መኮንን ደግሞ በአንድ ጥቅል 36 ምስል የምታነሣውን ትንሿን ላይካ ይይዛል። ይህ የቁጥር ልዩነት ተራ ነገር አይደለም። ስምንት ምስል ብቻ ያለው ሰው ቆጥቦ ያነሣል፤ ጣቱን ከመጫኑ በፊት «ይህ ለወረቀት ይበቃልን?» ብሎ ራሱን ይጠይቃል። ስለዚህ አንድ ወታደር በስምንት ምስሎቹ ውስጥ የሰቀላ እንጨትና የተንጠለጠለ ሰው ካስገባ፣ ነገሩ በድንገት የተነሣ አይደለም ማለት ነው። አስቦበት፣ ርቀቱን ለክቶ፣ ፀሐይዋን ከኋላው አድርጎ አንሥቶታል።

ከዚያ በፊት በአዲስ አበባ ፎቶግራፍ መነሣት የራሱ ወግ ነበረው። ከዐፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ የቤተ መንግሥቱን ፎቶግራፍ ያነሡ ከነበሩት መካከል የአርመን ተወላጆች የሆኑት የቦያጂያን ቤተ ሰብ ይገኙበታል። ወደ ፎቶግራፍ ቤት የሚሄደው ሰው ያለውን ልብስ ለብሶ፣ ጸጉሩን ተሠርቶ፣ ካባ ያለው ካባውን ደርቦ፣ በወንበር ላይ ተቀምጦ ወይም እጁን በወንበሩ መደገፊያ ላይ አሳርፎ ይነሣል። ገንዘቡን የከፈለው እርሱ ነው፤ ፎቶግራፉም የእርሱ ነው። እንዴት ሆኖ መታየት እንደሚፈልግ የወሰነው ራሱ ነው። ሶላቶው ሲመጣ ይህ ውል ፈረሰ። ተነሺው አልተጠየቀም፤ ምስሉም አልተሰጠውም። ከእንጦጦ ቅጠልና እንጨት ተሸክማ ስትወርድ ከመንገድ ላይ እንድትቆም የተደረገች ሴት፣ ጀርባዋ እንደ ጎበጠ፣ በማታውቀው ሰው ጓዝ ውስጥ ባሕር ተሻግራለች።

ወታደሮቹ ከተማይቱ በገቡበት በሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ያገኟት አዲስ አበባ ገና የምትጤስ ከተማ ነበረች። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ቀን ከወጡ በኋላ በነበሩት ቀናት ሱቆች ተዘርፈዋል፤ በአራዳ ዙሪያ ብዙ ቤት ተቃጥሏል። ወራሪው ይህን ፍርስራሽ በደስታ አንሥቶታል፤ «ሥልጣኔ ይዘን ባንመጣ ኖሮ» ለሚለው ወሬው ምስክር ይሆንለት ነበርና። ከዚያም ቀጥሎ የቤተ መንግሥቱ በር፣ የጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን፣ ባቡር ጣቢያው፣ ገበያው፣ አህያው፣ ቄሱ፣ ለማኙ ይመጣሉ። በመካከላቸውም ራሱ ሶላቶው፣ ባርኔጣውን ገደድ አድርጎ፣ አንድ እግሩን በድንጋይ ላይ አውጥቶ ይቆማል። አልበሞቹ እርስ በርሳቸው እጅግ ይመሳሰላሉ። የአንዱን ቅጠል ነቅሎ ወደ ሌላው ቢለጥፉት ባለቤቱ ራሱ የሚያውቀው አይመስልም።

እነዚህን ፎቶግራፎች በጥንቃቄ ለሚያነብ ሰው ግን ከተማይቱ ራሷ ቀን ቈጣሪ ሆና ታገለግለዋለች። በ1923 ዓ.ም. በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ በዓል ዋዜማ በጊዮርጊስ አጠገብ የተተከለውን በፈረስ ላይ ያለ የዐፄ ምኒልክ ሐውልት ወራሪው ከገባ በኋላ ነቅሎ ደብቆታል። ስለዚህ ሐውልቱ ቆሞ ከኋላው ሶላቶ የሚታይበት ምስል የወረራው የመጀመሪያ ጊዜ ነው። በባቡር ጣቢያው ፊት የነበረው የአንበሳ ሐውልትም ወደ ሮማ ተጭኖ ስለ ሄደ፣ በስፍራው መታየቱ ወይም አለመታየቱ ጊዜውን ይናገራል። የጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን እሳት ሳይነካው ከታየ ከየካቲት 1929 ዓ.ም. በፊት ነው። ገበያው ከአራዳ ተነሥቶ ወራሪው «መርካቶ ኢንዲጄኖ» ብሎ ወደ ሰየመው ወደ ምዕራቡ ስፍራ መዛወሩ፣ ለመንግሥት ሠራተኞች የተሠሩት የካዛንቺስ ቤቶች መታየታቸው፣ እያንዳንዱ የራሱን ምልክት ያኖራል። «መርካቶ» እና «ካዛንቺስ» የሚሉት ስሞች ዛሬ የማንም የአዲስ አበባ ልጅ የአፍ መፍቻ ሆነዋል። መርካቶ የተባለው ነጭና ጥቁር በአንድ ገበያ እንዳይገናኝ ከተወጠነው የከተማ ፕላን ጋር የተወለደ መሆኑን ግን በዚያ የሚገበየው ሰው ሁሉ አያስታውስም። ፎቶግራፉ ያስታውሳል። በአንዱ ምስል ላይ አስፋልትና የመንገድ ዛፍ፣ በሌላው ላይ ጭቃና የተጨናነቀ ጎጆ ይታያል፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት ግን በእግር የሚኬድ ነው።

ስለ ሴቶቹ ፎቶግራፎች በዝርዝር መናገር የሚያሳፍር ቢሆንም ዘሎ ማለፍ ደግሞ ከአልበሞቹ ገጾች ብዙውን ቀዶ መጣል ይሆናል። ራቁታቸውን ወይም ደረታቸው ተገልጦ እንዲቆሙ የተደረጉ ልጃገረዶች፣ በካርቶሊና ታትመው ይሸጡ ነበር፤ ወታደሮቹም በራሳቸው ካሜራ ያነሡት ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1937 የወጣው የኢጣልያ ዐዋጅ፣ ኢጣልያዊ ዜጋ ከአገሬው ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት ቢኖር በእስራት የሚያስቀጣ አድርጎታል። ልብ ሊባል የሚገባው፣ ዐዋጁ የቀጣው አብሮ መኖርን እንጂ መድፈርን አለመሆኑ ነው። የፎቶግራፎቹም መንፈስ ከዐዋጁ ጋር አልተጣላም፤ ሴቲቱ በምስሉ ላይ ሚስት አይደለችም፣ ስምም የላትም። ከጀርባዋ በእርሳስ የተጻፈው «የአበሻ ዐይነት» የሚል ነው፤ ስለ በቅሎ ወይም ስለ ዛፍ እንደሚጻፈው ማለት ነው። የነዚህ ሴቶች ዓይን ግን ብዙ ጊዜ ከምስሉ ሁሉ ለመመልከት የሚከብደው ክፍል ነው። አንዳንዷ መሬት መሬት ታያለች። አንዳንዷ ደግሞ ቀጥ ብላ ሌንሱን ታያለች፤ ያ አስተያየት ፍርሃት ብቻ ነው ማለት አይቻልም።

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ግቢ ግራዚያኒ የኔፕልስ ልዑል በመወለዱ ምክንያት ለድኾች ምጽዋት ለማደል ሕዝብ ሰብስቦ ሳለ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም የእጅ ቦምብ ወረወሩበት። ከዚያ ወዲያ በሦስት ቀን ውስጥ በከተማይቱ የተፈጸመው ፍጅት የማይታወቅ አይደለም። ጥቁር ሸሚዝ ለባሾች፣ የቀን ሠራተኞችና የካሚዮን ሾፌሮች ሳይቀሩ አካፋ፣ ዶማ፣ ብረትና ዱላ ይዘው በየቤቱ ገቡ። ጎጆዎች ከነነዋሪዎቻቸው በቤንዚን ተቃጠሉ። የኢትዮጵያ መንግሥት የሟቾቹን ቁጥር 30,000 ብሏል፤ በጉዳዩ ላይ ለብዙ ዓመታት የመረመረው የታሪክ ጸሐፊ ኢያን ካምቤል ደግሞ ከ19,000 በላይ መሆኑን ገምቷል። «ኮሪዬሬ ዴላ ሴራ» የተባለው ጋዜጣ ወኪል ቺሮ ፖጃሊ ያየውን በጋዜጣው ላይ ሊያወጣው አልቻለም፤ በምስጢር የጻፈው የቀን መዝገቡ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። ሲቪሎቹ ኢጣልያውያን ዱላና ብረት ይዘው ያገኙትን ኢትዮጵያዊ ሁሉ ሲገድሉ ማየቱን በዚያ ውስጥ አስፍሯል።

የጋዜጠኛው ብዕር ዝም ባለበት በዚያ ሰዓት ካሜራው ዝም አላለም። በሬሳ ክምር አጠገብ የቆሙ፣ የተቆረጠ ራስ በእጃቸው የያዙ፣ በተሰቀለ ሰው ሥር የተሰበሰቡ ወታደሮች የሚታዩባቸው ከወረራው ዘመን የተረፉ ፎቶግራፎች አሉ። አንዳንዱ ይስቃል። ፎቶግራፍ አንሺውም ከነዚያው አንዱ ነው፤ ነገ ደግሞ እርሱ በሬሳው አጠገብ ይቆምና የዛሬው ተነሺ ካሜራውን ይይዝለታል። የገዳይ ሥራውን በገዛ እጁ መዝግቦ ማኖር ለሕግ ሰው እንግዳ ነገር ይመስላል። ሶላቶው ግን እንደ ወንጀል አልቈጠረውም፤ እንደ አደን ቈጥሮታል። ከሬሳው አጠገብ ያለው አቋቋም፣ የተመታ አጋዘን ቀንድ ይዞ ከሚነሣ አዳኝ አቋቋም ጋር አንድ ነው። እግሩ ከፈት፣ ደረቱ ነፋ፣ ጠመንጃው አግድም። ይህን አቋቋም ማንም በትእዛዝ አላስተማረውም።

የማይታየው ደግሞ ከሚታየው ይበልጣል። የሌሊቱ እሳት በዚያ ዘመን ፊልም በቀላሉ አይያዝም። በጓሮ የተደበቀው ልጅ፣ ከአጥር ሥር የተቀበረው ዕቃ፣ ጎረቤቱን በቤቱ ያስጠጋው ሰው፣ በምስጢር ለአርበኞች ጥይትና ወሬ ታቀብል የነበረችው ሴት በአንድም አልበም ውስጥ የሉም። ሊኖሩም አይችሉም፤ መላ ጥበባቸው አለመታየት ነበርና። ስለዚህ ከሶላቶው አልበም ብቻ ተነሥቶ የከተማይቱን ሕዝብ እጅ የሰጠና የተሰለፈ አድርጎ የሚመለከት ተማሪ ቢኖር፣ መምህሩ ምስሉ ከየት ቦታ ላይ ቆሞ እንደ ተነሣ በቅድሚያ ሊጠይቀው ይገባል።

ወራሪው በ1933 ዓ.ም. ሲባረር የተውአቸው ወይም ከምርኮኞች የተገኙ ፎቶግራፎች ለክስ ማስረጃ ሆነው ተሰብስበዋል። የኢትዮጵያ ፍርድ ሚኒስቴርም የፋሺስቶቹን የቴሌግራም ትእዛዞችና የምስክሮችን ቃል በሁለት ቅጽ አዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ1949 እና በ1950 አሳትሟል። የተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀል ኮሚሽን በ1948 ባዶሊዮንና ግራዚያኒን ጨምሮ አሥር ኢጣልያውያን በወንጀል የሚጠየቁ መሆናቸውን ተቀብሎ ነበር። ነገር ግን አንዳቸውም በኢትዮጵያ ላይ ስለ ፈጸሙት በፍርድ ቤት አልቆሙም። ግራዚያኒ በ1950 የ19 ዓመት እስራት የተፈረደበት ከናዚ ጀርመን ጋር በመተባበሩ ነው፤ ያም ቢሆን በዚያው ዓመት ተፈትቷል። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ አፊሌ የተባለች የኢጣልያ ትንሽ ከተማ ለእርሱ መታሰቢያ ሠርታለታለች። ምስክር ሆነው የተሰበሰቡት ፎቶግራፎች ችሎት ሳያገኙ ቀሩ ማለት ይቻላል።

ችሎት ያላገኘ ምስክር ለሌላ አደጋ ይጋለጣል፤ ማንም እንደ ፈለገ ይናገርበታል። ከወረራው ዘመን ፎቶግራፎች አንዳንዶቹ ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ ሲዘዋወሩ ስፍራቸውና ቀናቸው ተለዋውጧል፤ በጠረፍ የተነሣው የአዲስ አበባ ተብሏል፣ የሌላው ዓመት የየካቲት 12 ተብሏል። እንዲህ ዐይነቱ ቸልታ የሚያስከትለውን በጀርመን አገር የሆነው ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1995 በሐምቡርግ የተከፈተ አንድ ኤግዚቢሽን፣ የጀርመን ተራ ወታደሮች በምሥራቅ አውሮፓ ያነሡአቸውን ፎቶግራፎች ይዞ፣ ወንጀሉ የጥቂት ልዩ ክፍሎች ብቻ ሳይሆን የሠራዊቱ ጭምር እንደ ነበር ለሕዝብ አሳየ። ከ1,400 በላይ ከሆኑት ፎቶግራፎች መካከል ከ20 የሚያንሱት በስሕተት የተመደቡ ሆነው በመገኘታቸው ግን ኤግዚቢሽኑ በ1999 ተዘጋ። ታርሞ እስከ ተከፈተበት እስከ 2001 ድረስ ሁሉንም መካድ የሚፈልጉ ሰዎች በነዚያ ጥቂቶች ላይ ተንጠላጥለው ከረሙ። የየካቲት 12 ሙታን በውሸት መግለጫ የሚጨመርላቸው ክብር የለም። አንድ የተሳሳተ መግለጫ ግን ለካጆች መሣሪያ ይሆናል።

ፎቶግራፎቹን በአደባባይ ማሳየት ተገቢ ነውን የሚለው ጥያቄም ቀላል አይደለም። የተቆረጠ ራስ የያዘውን ወታደር በትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ መለጠፍ፣ ሶላቶው ሊያሳይ የፈለገውን ነገር በሶላቶው መንገድ ደግሞ ማሳየት ነው የሚሉ አሉ። ሐሳባቸው የሚናቅ አይደለም፤ የተዋረደው ሰው ልጅና የልጅ ልጅ ያለው ነው፣ አንድ ቀን በዚያ ግድግዳ ፊት የገዛ አያቱን ሊያይ ይችላል። ምስሉን በሣጥን ቈልፎ ማስቀመጥ ደግሞ የአፊሌን መታሰቢያ ለሠሩት ሰዎች መልካም ስጦታ ነው። በሣጥንና በግድግዳ መካከል ሦስተኛ መንገድ አለ፤ እርሱም ምስሉን ከነጀርባው፣ ከነእርሳስ ጽሑፉ፣ ማን እንዳነሣውና በማን እጅ እንደ ቆየ ከሚናገር መግለጫ ጋር ማሳየት ነው። ጀርባው ሲገለጥ፣ ክስ የሚቀርብበት ሰው ከፊት ያለው ሬሳ መሆኑ ይቀርና አንሺው ይሆናል።

በስድስት ኪሎ የቆመውን የየካቲት 12 ሐውልት ከነዚህ ፎቶግራፎች ጋር አስተያይቶ መመልከት ለሥነ ጥበብ ሰው ብዙ ያስተምራል። ሐውልቱ እ.ኤ.አ. በ1955 የተሠራ ሲሆን ቀራጮቹ አውጉስቲንቺችና ክርሺኒች የተባሉ ዩጎዝላቮች ናቸው፤ አገራቸው ራሷ በፋሺስቶች ተይዛ የነበረች ናት። በዙሪያው በተቀረጹት ምስሎች ላይም ሬሳ አለ፤ ገዳይም አለ። ልዩነቱ ግን ዓይን የሚቆምበት ስፍራ ነው። በሶላቶው ፎቶግራፍ ላይ መሐሉን የያዘው የቆመው ሰው ነው፤ የወደቀው የሥዕሉ መሠረት፣ የእግር መርገጫ ሆኗል። በቅርጹ ላይ ግን የወደቁትና ለቅሶኞቹ ናቸው ክብደቱን የተሸከሙት፤ የጨርቁ እጥፋት፣ የእጁ አወዳደቅ፣ የእናቲቱ ጎንበስ ማለት ጊዜ ተሰጥቶታል። ካሜራው በሰከንድ ክፋይ ያየውን ቀራጺው ለወራት ተመልክቶታል፤ ያም ከቅርጹ ላይ ይነበባል።

ደራሲት መዓዛ መንግሥቴ ደግሞ ሌላ መንገድ ይዛለች። በኢጣልያ አገር በአሮጌ ዕቃ ገበያ ላይ ከሶላቶ አልበም የተቀደዱ ፎቶግራፎች እንደ ማንኛውም ዕቃ ሲሸጡ፣ እርስዋ ለብዙ ዓመታት እየገዛች ሰብስባለች፤ የጦርነቱን ዓመታት በስሙ የያዘ «ፕሮጀክት 3541» የተባለ የምስል መዝገብም አቋቁማለች። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው «ዘ ሻዶ ኪንግ» የተባለው ልብ ወለዷ ውስጥ ካሉት ሰዎች አንዱ፣ ምርኮኞችን እንዲያነሣ የታዘዘ ኢጣልያዊ ወታደር ነው። ደራሲዋ ምስሎቹን አንድ በአንድ በቃል እየገለጸች፣ ተነሺው ሌንሱን ሲያይ ምን ሊያስብ ይችል እንደ ነበር ትጠይቃለች። ይህ ልብ ወለድ እንጂ ማስረጃ አይደለም፤ እርስዋም ማስረጃ ነው አላለችም።

ጊዜ ግን አይጠብቅም። በዋርሶ የአይሁድ መንደር ውስጥ በመስከረም 1941 በአንድ ቀን ብዙ ፎቶግራፍ ያነሣው ሃይንዝ ዮስት የተባለው ጀርመናዊ ወታደር ምስሎቹን ለጋዜጠኛ ያስረከበው ከ40 ዓመት ገደማ በኋላ ነው፤ ቢያንስ ግን በሕይወት ሳለ ስለ ቀኑና ስለ ቦታው ሊናገር ችሏል። አዲስ አበባን በኪሳቸው ይዘው የሄዱት ሶላቶዎች ዛሬ የሉም። የልጅ ልጆቻቸው ቤት ሲያጸዱ አልበሙን ያገኙታል፤ አንዳንዱ ይጥለዋል፣ አንዳንዱ ይሸጠዋል፣ ጥቂቱ ደግሞ ወደ መዝገብ ቤት ይወስደዋል። በዚህ በኩል ደግሞ አራዳን ከነሱቆቹ፣ የየካቲቱን እሳት ከነጭሱ ያዩት ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ሊያልቁ ምንም አልቀራቸውም። አንድ ፊት አይተው «እርሱማ እገሌ ነው፣ የአባ እገሌ ልጅ፣ ቤታቸው ከወንዙ ማዶ ነበር» ሊሉ የሚችሉት እነርሱ ብቻ ናቸው።

ስለዚህ ፎቶግራፍ በእጁ የገባ መዝገብ ያዥ ሥራው ጥቃቅን ነው። መጠኑን ይለካል፤ የወረቀቱን ምልክት ይጽፋል፤ በጀርባ ያለውን የእርሳስ ጽሑፍ ሳያርም እንዳለ ይገለብጣል። ከሥዕሉም ያየውን ብቻ ይመዘግባል፤ «ወንድ፣ ነጭ ጋቢ፣ ባዶ እግር፣ በስተ ቀኝ የድንጋይ አጥር፣ ከአጥሩ በላይ ባሕር ዛፍ»። «ስም» በሚለው ቃል ፊት ያለውን መስመር ባዶ ይተወዋል፤ ሦስት ወይም አራት ቃል የሚያስጽፍ ቦታ፣ ስምና የአባት ስም፣ ቢገኝም የሰፈር።